ቬርላ ስታኪ በሰም ያሸገቻቸው ቆርቆሮዎች

ቬርላ ስታኪን ኦይልዴል በምትባለው የነዳጅ ከተማ ውስጥ የሚወዳት ሰው አልነበረም፤ እሷም ውደዱኝ ብላ ማንንም አልለመነችም። የነዳጅ ፓምፖቹ ቀን ከሌት አንገታቸውን ከሚደፉበት ሜዳ ዳር ትንሽ ቤት ነበረቻት፤ ከጀርባዋ ደግሞ አንዲት የቆርቆሮ መጋዘን። የቤቷ በር ሳይቆለፍ የሚያድርበት ቀን ነበር፤ የመጋዘኗ ግን ወይ ፍንክች። እዚያ ውስጥ ባሏ የሠራው ፊልም ነበር። ፊልሙ ውስጥ ደግሞ ልጇ ነበረች። ይኼን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ በአጥሯ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገውም ስለሚያውቅ ነው። የሚያፍርበት ነገር አለዋ!

ሙያዋ ኔጌቲቭ መቁረጥ ነበር፤ ሎስ አንጀለስ ካለ የፊልም ማጠቢያ ቤት ነው የተማረችው። ካሜራው ውስጥ ያለፈውን፣ ኮፒው ሁሉ የሚታተምበትን ዋናውን ፊልም በነጭ ጓንት ይዞ መቁረጥና ጫፍ ለጫፍ ማጣበቅ፤ ሥራው ይኸው ነው። አንዴ የተሳሳተ ቁራጭ አይመለስም። አቧራ ደግሞ ጠላት ነው፤ ዓይን የማያየው ብናኝ ሸራው ላይ ድንጋይ አክሎ ይወጣል። ስለዚህ ኔጌቲቭ ሲከፈት በርና መስኮት ይዘጋል፣ ሰው አይገባም፤ የቆራጯ የገዛ እናት ብትመጣም ውጪ ቆማ ትጠብቃለች። ኔጌቲቭ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ። የቬርላ ዓይን ለምዶት ነበር፤ ነጭ ሲያይ "ይኼ ጥቁር ነው" ብሎ ያልፋል።

ባሏ ዴል ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። እጁ ዘይት፣ ልቡ ሲኒማ። ፎቶ የሚባል ነገር ቤቱ እንዲገባ አይወድም፤ "የማይንቀሳቀስ ፎቶ የሬሳ ፎቶ ነው" ይል ነበር። ሕይወቱን ሙሉ አንድ ፊልም ብቻ ነው የሠራው፤ "የቧንቧው መንገድ" ይባላል። ነዳጅ ቆፋሪ አባቷ ምሳ እንዲበላ በቧንቧው ዳር እየሮጠች የምታደርስ ልጅ ታሪክ ነው። ልጅቱን ሆና የተጫወተችው የራሱ ልጅ ዊላ ናት፤ ገና ትምህርት ቤት የጀመረች፣ እንደ አባቷ እናት፣ ከቀይ ሕንዶቹ ከቼሮኪ ነገድ እንደሆነችው አያቷ፣ ጸጉሯ ድፍን ጥቁርና ቀጥ ያለ። ወደ መጨረሻው ላይ ዊላ ትሮጥና ድንገት ዞር ብላ ትስቃለች። ዴል ሳቂ አላላትም፤ ራሷ ነች የሳቀችው።

ገንዘቡን ያወጣው ሮይስ ታኬት ነው፤ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚያይበት የሜዳ ሲኒማ ባለቤት። ሮይስ በብላሽ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። የፊልሙ መብት የእሱ እንዲሆን፣ ዕድሜው አልቆ ሲታደስም እንዲሁ የእሱ እንዲሆን ዴልን አስፈረመው። ዴል ሳያነብ ፈረመ። አንብቦ የሚፈርም ሰው መጀመሪያውኑ ፊልም አይሠራም።

በ1963 መከር ላይ ቬርላ ኔጌቲቩን ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትቆርጥ ነበር። መስኮቱ በእርጥብ አንሶላ ተሸፍኗል፣ በሩ ተቀርቅሯል። ዊላ አንኳኳች።

"እማ፣ ልግባ?"

"አትገቢም! አቧራ ታመጪብኛለሽ!"

"ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው።"

"ሂጂ ወዲያ አልኩሽ፣ ውጪ ተጫወቺ! ስጨርስ እጠራሻለሁ።"

ስትጨርስ ጠራቻት። ልጅቱ ግን አልመጣችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰዎች ከመስኖው ቦይ አውጥተው በሳንቃ ተሸክመው አመጧት። ቬርላ በሩን ስትከፍት ነጩ ጓንት ገና እጇ ላይ ነበር።

ቤት ውስጥ የነበረው የዊላ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት ያነሷት። ቬርላ "ብቻዋን አትሄድም" ብላ እሷና ዴል ሁለቱ ጓሮ ውስጥ ቆመው ከተነሱት ፎቶ ጋር ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ሐዘን ሰውን ያጃጅለዋል። ልጇ እኮ የት ትሄድባታለች፣ ፊልሙ አለ አይደል? እንዲህ ነበር ያሰበችው።

ሐዘኑ ሳይበርድ ሮይስ በር ላይ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ እዝን የበላ ሰው መስሎ።

"እግዜር ያጽናሽ ቬርላ። ፊልሙ መቼ ነው የሚያልቅልኝ?"

ጨረሰችው። ሌላ ቆራጭ እንዲነካት አልፈለገችማ! ዊላ የምትስቅበትን ቁራጭ በብርሃኑ ሳጥን ላይ ዘርግታ አየችው፤ ጸጉሯ ነጭ፣ ጥርሷ ጥቁር፣ ፊቷ ከሰል። በአጉሊ መነጽር እያየች፣ እያለቀሰች፣ እንባዋ ፊልሙ ላይ እንዳይወርድ አንገቷን ወደ ጎን እያዘነበለች አጣበቀችው።

በ1964 ጸደይ ፊልሙ ለሕዝብ ቀረበ። ሮይስ በመንገዱ ዳር ትልቁ ሰሌዳ ላይ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? "በቦይ የሞተችውን ትንሿን ልጅ መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ!" የኦይልዴል ሰውም መጣ። ከጎረቤት ከተሞች፣ ከቤከርስፊልድ፣ ከታፍት ሳይቀር መጣ። ፓስተሩ መጣ፣ ሳጥኗን የሠራው አናጢ መጣ፣ ልጆቹን ጭኖ። ቬርላና ዴል በአሮጌው ፒክአፕ መጨረሻው ረድፍ ላይ ቆሙ። ዊላ ዞር የምትልበት ደረሰ። ቬርላ አልቻለችም፤ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። "ሌላ ቀን አየዋለሁ" አለች። በመኪና ሲኒማ ጭብጨባ የለም፤ ሰው ደስ ሲለው ጥሩምባ ይነፋል። ያ ሁሉ መኪና አንድ ላይ ጥሩምባውን አንባረቀው። ልጇ ስትስቅ የሰማችው ያንን ነው።

ሌላ ቀን የሚባለው ቀን አልመጣም። ሰሌዳው በጋውን ሙሉ ቆመ። ሮይስም በየምሽቱ በር ላይ ቆሞ መኪና ያስገባ ነበር። ዴል ኔጌቲቩን ከማጠቢያው ቤት ራሱ ጭኖ አምጥቶ ሚስቱ እጅ ላይ አኖረውና መጠጥ ውስጥ ገባ፤ ሁለተኛውን ክረምት አልጨረሰም። በቀብሩ ላይ ሮይስ ያለ ሐፍረት ቀረብ አለና፣ "ቬርላ፣ ቆርቆሮዎቹን መልሽልኝ እንጂ፤ ኮፒዎቹ እየተጫጫሩ ነው" አላት። ምራቋን ጫማው ላይ ተፋችበት። እሰይ፣ ደግ አደረገች!

ቤከርስፊልድ ያለ ጠበቃ ነው ነገሩን ያስረዳት። የፊልም መብት ሃያ ስምንት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ይታደሳል። ሠሪው ከእድሳቱ በፊት ከሞተ፣ በቁሙ የፈረመው ፊርማ ለሁለተኛው ዘመን አይሠራም፤ መብቱ ለሚስቱ ነው።

"ስለዚህ የእኔ ነው?" አለች።

"አሁን አይደለም። አሁን የሮይስ ነው። በሃያ ስምንተኛው ዓመት፣ ሳይቀድሙና ሳይዘገዩ አድሱልኝ ብለው ማመልከት አለብዎት። ያ ዓመት ካመለጠዎት ፊልሙ የማንም መጫወቻ ይሆናል።"

"አያመልጠኝም" አለች ቬርላ። "እስከዚያ አልሞትም።"

አስቡት እንግዲህ። እሷ ኔጌቲቭ አላት፣ መብት የላትም፤ ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ የሚያትምላት ቤት የለም። እሱ መብት አለው፣ ኔጌቲቭ የለውም። አንዱ በሬውን፣ ሌላው ቀንበሩን ይዞ ተፋጠጡ። ሮይስ መልእክት ይልክባታል፤ "ነይ እይ፣ አላስከፍልሽም፣ ፊት ለፊት አስቀምጥሻለሁ፤ ግን ቆርቆሮዎቹን ይዘሽ ነይ።" አንድ ምሽት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሄዳ ብታይ ምን ነበረበት? እሷ ግን እልህ ምላጭ ያስውጣል እንደሚባለው ሆነችና ዋጠችው። የሮይስን በር ረግጣ ልጇን ከምታይ ዓይኗ ቢጠፋ መረጠች።

ከዚያ 1980 መጣ፤ ጌጥ የሚሠራበት ብር ዋጋው ሰማይ ነካ። የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስሉ ብር ነው፤ አጥቦ ብሩን የሚያወጣ ነጋዴ በየከተማው ይዞር ጀመር። ሮይስ የሜዳ ሲኒማውን ሊዘጋ ነበርና ያሉትን ሦስት ኮፒዎች አንድም ሳያስቀር ለነጋዴው ሸጠ። ከታጠበው ብር ግን ጥቂቱን ለራሱ አስቀረ፤ አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ትልቅ የቀበቶ ዘለበት አሠራበት።

ቬርላ የሰማችው ኦፓል ምግብ ቤት ቦሎቄ እየበላች ሳለ ነው። ሮይስ ገባና ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ፤ ሆዱን ገፍቶ፣ አውራ ጣቱን ዘለበቱ ላይ ሰክቶ።

"እንዴት ነው፣ አማረብኝ?"

"አህያ ወርቅ ቢጭን ያው አህያ ነው።"

"ወርቅ አይደለም፣ ብር ነው። ዝጊ ብትይው እንኳ አይዝግም። ከምን እንደተሠራ ገምቺ እስቲ።"

ቬርላ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የቧንቧው መንገድ ነው" አለ ሮይስ፤ ምግብ ቤቱ በሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "ዴልም እዚህ አለ፣ ልጅሽም እዚህ አለች። አሁን ሳቂልኝ ብላት ለእኔ ነው የምትስቀው!"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ኦፓል "ኧረ ተው ሮይስ፣ ግፍ ነው!" አለችው፤ ግን ቡናውን ቀዳችለት። ቬርላ ተነስታ ወጣች። ቤቷ ገብታ የመጋዘኑን በር ሁለተኛ ቁልፍ ጨመረችበት።

ብዙ ሳይቆይ ሚስ ኩሮዳ መጣች፤ ሎስ አንጀለስ ካለ የፊልም ማኅደር፣ ቀጭን፣ ትሑት ሴት። በዓለም ላይ የቀረው የቬርላ ኔጌቲቭ ብቻ መሆኑን ሰምታ ነው።

"እማማ፣ ይስጡንና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እናስቀምጥልዎ" አለች።

"ታባዙታላችሁ?"

"ያለ አቶ ታኬት ፊርማ አለቆቼ አይፈቅዱም። ግን የእርስዎ ዓመት እስኪደርስ ሳይነካ ይቀመጣል።"

"ከእጄ ከወጣ የእኔ አይደለም። አንዴ ከእጄ ያወጣሁትን አውቀዋለሁ።"

"እሺ፣ እዚሁ ያስቀምጡት። ግን ይኼ የቆርቆሮ መጋዘን እኮ በበጋ እሳት ነው። ክዳኖቹንም በፕላስተር አያሽጓቸው፤ ፊልም ይተነፍሳል፤ አየር ካላገኘ የራሱ ትነት ይበላዋል።"

ቬርላ ሳቀች። እሷ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠራ፣ ክብሪት በሸተተው ቁጥር በሚቀጣጠል ፊልም ነው ያደገችው። ይኼኛው ጠርዙ ላይ "የማይቀጣጠል" ተብሎ የታተመበት ነው። የእሷ ዘመን ቆራጮች ሁሉ የማይቃጠል ፊልም አይሞትም ብለው ነው ያመኑት፤ ጠላቱ አቧራ ብቻ ነው።

"ልጄ፣ እኔ ኔጌቲቭ ስቆርጥ አንቺ ጡት አልጣልሽም ነበር። አቧራ እንዲገባበት ነው የምትፈልጊው?"

ሚስ ኩሮዳ ስሟንና ስልኳን ትታ ሄደች። ቬርላ በዚያው ቀን በየክዳኑ ዙሪያ በፕላስተሩ ላይ ፕላስተር ደረበች፤ ከዚያ ሻማ አቅልጣ ሰም አፈሰሰችበት። አቧራ አንዴ ልጇን ወስዶባታል፤ ሁለተኛ አይወስድባትም። የሷ ነገር እንዲህ ነው፤ ስትጠብቅ ትገድላለች።

ዓመታቱ ሄዱ። የካንሰር ምርመራዋን በየዓመቱ አደረገች፣ ማጨስ ተወች፣ መሰላል መውጣት ተወች፤ እስከ ሃያ ስምንተኛው ዓመት መሞት አይፈቀድማ! ቀኑ እንዳያመልጣት እንቅልፍ ነሳት። ስንቷ መበለት ባንድ ሳምንት ዘግይታ የባሏን ፊልም ሜዳ ላይ በትናለች። 1992 ሲገባ ጠበቃው ዘንድ ለመሄድ ትዘጋጅ ጀመር፤ እሱ አርጅቶ አሁን ጆሮው ከብዷል፣ ግን የሥራውን ዜና ይከታተላል። በበጋው ራሱ ደወለላት።

"አዲስ ሕግ ወጥቷል!" ብሎ ጮኸ። "ከ64 ወዲህ የወጣ ሁሉ ራሱ ይታደሳል። ማመልከት የለ፣ ማምለጥ የለ። ጥር ሲጠባ ፊልሙ የእርስዎ ነው።"

"በቃ? ምንም ሳላደርግ?"

"ምንም! በዚያው ሕግ ላይ የአገሪቱ ፊልሞች እንዳይጠፉ ይጠበቁ የሚልም ክፍል አለበት።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሬ ሰው። ቬርላ ግን ያን ቀን ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በደስታ እግሯን አወራጨች። ሮይስ አሁን ቢሞት ግድ የላትም፤ እንዲያውም እንዳይሞት ጸለየች፣ ቆሞ እንዲያይ።

ጥር ገባ። ሚስ ኩሮዳን ራሷ ጠራቻት። ሴትዮዋ ጸጉሯ ሸብቶ፣ በማቀዝቀዣ መኪና መጣች። ቬርላ አዲስ ነጭ ጓንት አጥልቃ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከፈተች።

በሩ ሲከፈት ሚስ ኩሮዳ እጇን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አቼቶ። ሙሉ ጠርሙስ ወለል ላይ የተሰበረ ዓይነት፣ ዓይን የሚያስለቅስ የአቼቶ ሽታ፤ ፊልም በራሱ ትነት ሲበሰብስ እንዲህ ነው የሚሸተው።

"እማማ" አለች በቀስታ፣ "ባይከፍቱት…"

"ዞር በይልኝ!"

ቬርላ ሰሙን በቢላ ፈለጠች፣ ፕላስተሩን ላጠች፣ የመጀመሪያውን ክዳን አነሳች። ውስጡ ፊልም አልነበረም። የተኮማተረ፣ የተጣበቀ፣ ጠርዙ ነጭ ዱቄት ያወጣ ድቡልቡል ነገር ነበር። ጫፉን በጓንቷ ያዘችው፤ ተሰበረ። ሁለተኛውን ከፈተች፣ ሦስተኛውን፣ የመጨረሻውን። ዊላ የመጨረሻው ውስጥ ነበረች። ያ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ እጇ ላይ ተንኮታኩቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

"ያኔ ሰጥተውኝ ቢሆን…" ብላ ጀመረች ሚስ ኩሮዳ፤ ከዚያ ተወችው። ጨዋ ነበረች። እኔ ብሆን አልተዋትም ነበር፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እላት ነበር፣ ፊት ለፊቷ!

"የማን ነው አሁን?" አለች ቬርላ፣ ወለሉን እያየች።

"ምኑ?"

"መብቱ።"

"የእርስዎ ነው። ሙሉ በሙሉ።"

ያን ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና የልጇን ፊት ልታስታውስ ሞከረች። ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣላት በብርሃኑ ሳጥን ላይ ያየችው ብቻ ነው፤ ከሰል ፊት፣ ጥቁር ጥርስ፣ ነጭ ጸጉር። ሌላ አልመጣ አለ። ያ ሁሉ ዓመት ፊልሙን ስትጠብቅ፣ ልቧ ውስጥ የነበረውን ፊት አውጥታ አላየችውም ነበርና እንደ ፊልሙ ውስጥ ውስጡን አልቋል።

በማግስቱ ሮይስ ወደሚጦርበት የአረጋውያን ቤት ሄደች። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው፣ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ፤ ዘለበቱን ግን ፒጃማው ላይ ታጥቋል። የማጉረስ ሰዓት ነበርና ሠራተኛዋ ሾርባውን ቬርላ እጅ ላይ አኑራላት ሄደች፤ ዘመድ መስላታለች።

"ልትመርዢኝ መጣሽ?" አለ ሮይስ።

"ለአንተ መርዝ አላባክንም። አንድ ነገር ልጠይቅህ።"

"ዘለበቱን ከሆነ አልሰጥም።"

"ታጥቀኸው ተቀበር። ያን ፊልም ስንቴ አየኸው?"

"በጋውን ሙሉ፣ በየምሽቱ። የእኔ ሜዳ እኮ ነው።"

"እንግዲያው ንገረኝ።" ድምጿ ተሰበረ፤ በሕይወቷ ሮይስ ፊት ተሰብሮ አያውቅም። "ዞር ብላ ስትስቅ ምን ትመስል ነበር?"

ሮይስ እንደ ልማዱ ሊዘባበትባት አፉን ከፈተ። ከዚያ አያት። ጓንቷን አላወለቀችም፤ አቼቶ ትሸታለች። ምን እንደሆነ ገባው፤ ስንት የፊልም ቆርቆሮ ከፍቷል፣ ሽታውን ያውቀዋል። ከዝንብ ማር አይጠበቅም፣ ግን እግዜር ይመስክር፣ ያን ቀን ያ ክፉ ሽማግሌ አዘነላት። እውነቱን ቢናገር አላያትም ነበር። በየምሽቱ ጀርባውን ለሸራው ሰጥቶ መኪና ነበር የሚያስገባው። ይኼን ግን ሊነግራት አልጨከነም፤ ስለዚህ ያልነበረች ልጅ ሠራላት።

"ቆንጆ ነበረች" አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "በቧንቧው ላይ ትሮጥ ትሮጥና ዞር አለች። ፀሐይዋ ከኋላዋ ነበረች። ጸጉሯ… ነጭ፣ እንደ ጥጥ ነጭ ነበር፣ ፊቷ ላይ ተበተነ። ከዚያ ሳቀች።"

የቬርላ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ጥቁር ነበር። በየጠዋቱ ውኃ አርከፍክፋ የጎነጎነችው እሷ ናት፤ ጥቁር እንደነበር እንደ ስሟ ታውቃለች። ልታርመው አፏ ላይ ደረሰ። ዓይኗን ጨፍና ጥቁሩን ጸጉር ፈለገችው። ነጩ መጣ።

"አዎ" አለች። "እሷ ናት። ከዚያስ?"

ሾርባውን አጎረሰችውና እንዲቀጥል ጠበቀች።